ልቤ ደረጃ የወጣበት ጠዋት

በሃያ አራት ዓመቴ የአሮጊት ኑሮ እኖር ነበር። ላሊበላ አቀበትና ቁልቁለት ነው። ሰዉ ሁሉ ያንን እንደ ፍየል ሲወጣና ሲወርድ፣ እኔ ግን መንገድ ቢረዝምም ሜዳ ሜዳውን ፈልጌ ዞሬ ነበር የምሄደው። ውኃ አልቀዳም፤ እንጨት አልሸከምም፤ ሰርግ ቤት ብጠራ ጥግ ይዤ አጨበጭባለሁ እንጂ አልነሳም። አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱንም ቢሆን ቁጭ ብዬ ነው የማስተምረው። ርእሰ መምህሩ አዝኖልኝ ክፍሌ ውስጥ ወንበር አስቀምጦልኝ ነበር፤ ተማሪዎቹም በሌለሁበት «ተቀማጯ እትዬ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ልቤ ነው። ወይም ልቤ ነው ተብሎ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ እህቴ ከአዛለች ነው። አዛለች በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። አንድ ክረምት ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ተኛች፤ ከዚያ ተነሳችና ዳነች ተባለ። አድጋ አገባች። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ግን እግሯ ያብጥ፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ትራስ ደራርበንላት ቁጭ እንዳለች ታድር ነበር። ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ ልጁም ተከተላት። «የልብ በሽታ ነው» አሉን፤ ስሙን የሰማነው ከቀብሩ በኋላ ነው።

እሷ በሞተች በዓመቱ፣ እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ ልቤ ያልለመደውን ነገር ማድረግ ጀመረ። ደህና ሲመታ ይቆይና አንዱን ምት ይዘላል፤ ከዚያ በመዳፍ ውስጥ እንደ ተያዘች ጫጩት ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይንፈራገጣል። በተለይ ጸጥ ብዬ ስቀመጥ፣ ወይም ጋደም ስል ነበር የሚብሰው። አንድ የጤና ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ክንዴን ይዞ ትንሽ ቆጠረና የቤተሰቤን ነገር ጠየቀኝ። የአዛለችን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ልቤ እንደሚዘል፣ የእህቴ ዓይነት ሳይሆን እንደማይቀር፣ ከባድ ሥራ እንዳልሠራ፣ አቀበት እንዳልወጣ፣ ባል ባገባ እንኳ መውለዱን እንድተወው መከረኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ መመርመሪያ በሌለበት ያዘነ ሰው የሚለውን ነው ያለው። እኛ ግን ቃሉን እንደ ንስሐ አባት ግዝት ያዝነው።

ቤታችን እንደ አገራችን ወግ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ሰው ፎቁ ላይ ያድራል፣ ታች ደግሞ በግና ፍየል። ከማሠልጠኛ ተመርቄ ስመለስ እማዬ በጎቹን ወደ ውጭ በረት አስወጥታ፣ ምድር ቤቱን በጭቃና በእበት ለቅልቃ አልጋዬን እዚያ ዘረጋችልኝ፤ የፎቁን ደረጃ እንዳልወጣ ብላ። ጠዋት ስታገኘኝ «እንዴት አደርሽ» አትለኝም ነበር። «እንዴት አደረ?» ነው የምትለው፤ ልቤን ማለቷ ነው።

ጋሻው የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ውስጥ። ሽማግሌ ላከ። እማዬ ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ «ልጄ ለባል አትሆንም» ብላ ሸኘቻቸው፤ ምክንያቱን አልነገረችም። እሱ ከዚያ በኋላም ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል። እኔም አንገቴን ሰብሬ አልፋለሁ።

እንግዲህ ያኔ እንዲህ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረ ሰሞን። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የክረምቱ ዘማቾች ምደባ ወጣ፤ ለእኔ የሙጃ ገጠር ደረሰኝ። ሙጃ ማለት ብርድና ዳገት ነው። የመምህራን ማህበሩ ዘንድ ሄጄ ልቤ እንደማይፈቅድልኝ ብናገር ጸሐፊው የሐኪም ማስረጃ አምጪ አለኝ። እንዳጋጣሚ በዚያው ሰሞን ከደሴ የሕክምና ቡድን መጥቶ ጤና ጣቢያችን አርፎ ነበር። ከሐኪሞቹ አንዱ የልብ ነገር የሚያውቅ ነው ተባለ። እማዬ ነጠላዋን ደርባ፣ እኔን አስከትላ፣ በዙሪያው መንገድ ቀስ እያልን ወረድን።

ወረፋው ግቢውን ሞልቶ ነበር። ተራችን ሲደርስ ገባን። ሐኪሙ ዶክተር ኅሩይ ይባላል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሀንጋሪ ተምሮ የመጣ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። አጠገቡ የጤና ጣቢያችን ረዳት፣ ድሬሰሩ አቶ ደምሴ ቆሟል። እማዬ ቁጭ ሳትል ጉዳዩን ተናገረች፤ ልጇ የልብ በሽተኛ መሆኗን፣ ዘመቻ መሄድ እንደማትችል፣ ማስረጃ ብቻ እንደምንፈልግ።

ዶክተሩ ቶሎ አልጻፈም። አስተኝቶ ደረቴን በማዳመጫው አዳመጠ፤ በግራ ጎኔ አስተኝቶ ደገመ፤ አስቀምጦ ደገመ። የአዛለችን ሕመም ከመጀመሪያው አስነገረን። የጉሮሮዋን፣ የጉልበቷን እብጠት ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ጉልበቴ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አያውቅም። ከዚያ የልብን አመታት ወረቀት ላይ የሚስል፣ ኢሲጂ የሚሉትን መሣሪያ ከሣጥኑ አወጣ። በባትሪ የሚሠራ ነበር። ክንዴና እግሬ ላይ ብረት አሰረብኝ፣ ደረቴ ላይም ለጠፈ፤ ቀጭን ወረቀት እየተንጫጫ ወጣ።

ወረቀቱን አሳየን። ትንንሽ ጉብታና ሹል ሹል ጫፍ በተርታ ይሄዳል፤ እዚህም እዚያም ግን አንዱ ሰፋ ብሎ ከተራው ቀድሞ ይመጣና ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል።

«ይህቺ ናት» አለኝ በጣቱ እየነካ። «ሳትጠራ ቀድማ የምትመጣ ምት። ልብሽ የዘለለ የሚመስልሽ ከሷ ቀጥሎ ሲያርፍ ነው። የእህትሽ በሽታ ግን በጉሮሮ ሕመም መጥቶ የልብን በሮች የሚያበላሽ ነው። እንዲህ ያለው ሲዳመጥ ድምፅ አለው፤ አንቺ ጋ ግን ያ ድምፅ የለም።»

እማዬ ወረቀቱን ትታ ፊቱን ነበር የምታየው። ማስረጃውን ይጻፍልን እንደሆነ ጠየቀችው።

«አሁኑኑ ልጽፍ እችላለሁ» አላት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልብሽ ሥራ ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሞክሬው አላውቅም።»

«ታዲያ እንደማይችል በምን አወቃችሁ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ያን ጊዜ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አስረዳን። ልብ ተቀምጦ ሲመረመር የሚደብቀው ነገር አለ፤ ሥራ ሲሰጠው ግን የሆነውን ያሳያል። ስለዚህ ሰውየውን ደረጃ ያስወጡታል፣ ያስወርዱታል፤ ልቡ ሲፈጥን የደም ግፊቱን፣ ትንፋሹን፣ ወረቀቱ ላይ የሚሳለውን ያያሉ። እንደ እኔ ያለችው ቀዳሚ ምት በሥራ ጊዜ የምትበረክት ከሆነ ያሳስባል፤ በሥራ ጊዜ የምትጠፋ ከሆነና ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ግን አብሮ የሚኖሩት ነገር ነው።

እማዬ ይህን ስትሰማ መቀመጫ ፈለገች። ዶክተሩ ወንበሩን ለቀቀላትና «እናቴ፣ በቅሎ ሲገዙ ቆማ አይተው ብቻ ይገዛሉ?» አላት።

«ጭነን አቀበት እናስወጣታለን እንጂ።»

«ልብም እንደዚሁ ነው።»

«በቅሎ ብትሞት ሌላ ይገዛል ዶክተር» አለችው። «እኔ አንዷን ቀብሬያለሁ።»

አቶ ደምሴ መስኮቱን እንደሚዘጋ ሰው ፊቱን አዞረ። ዶክተር ኅሩይ ወደ እሷ ዞረ። እውነትዋን እንደሆነ፣ ምንም አደጋ የለውም ብሎ እንደማይምልላት፣ ግን አደጋው ትንሽ መሆኑን ነገራት። አዛለች ያኔ መጥታ ቢሆን ኖሮ ደረጃ እንደማያስወጣት፣ ተቀምጦ የሚያልከልክ ሰው በፍጹም እንደማይፈተን ነገራት። እኔን የሚፈትነኝ የሕመም ምልክት ስላጣብኝ እንደሆነ፣ እጁን ከእጄ እንደማያነሳ፣ አንድ ያልወደደው ነገር ካየ እንደሚያቆም ነገራት። «ዛሬ አይደለም። እቤት ሄዳችሁ ተማከሩ። ካልፈለጋችሁ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ማስረጃችሁን ትወስዳላችሁ» አለ።

በዙሪያው መንገድ ወደ ቤት ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ምድር ቤት ቁጭ ብዬ ልቤን አዳመጥኩት፤ አንዱን ይዘላል፣ ይንፈራገጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ደረጃው ላይ ደርቄ ስቀር ታየኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ማስረጃዬን ይዤ ስመለስ፣ ያቺ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ አርባ ሲሞላኝ፣ እማዬ አርጅታ «እንዴት አደረ?» ስትለኝ ታየኝ። ይኸኛው የባሰ አስፈራኝ።

ራት ላይ ነገርኳት። መፈተን እንደምፈልግ፣ ሞትን መርጬ እንዳልሆነ፣ ማወቅ እንደምፈልግ። እማዬ ጉርሻዋን መሶቡ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«አብሬሽ እገባለሁ» አለች። «ውጪ ቁሚ ቢሉኝ አልቆምም።»

በማግስቱ ሐምሌ እንደሚያነጋው ነጋ፤ ጉም ተራራውን ሁሉ ውጦታል። ዶክተሩ ቀለል ያለ ነገር ቀምሼ እንድመጣ፣ ቡና እንዳልጠጣ፣ የማያዳልጥ ጫማ እንዳደርግ አዝዞ ነበር። ቂጣ ቀምሼ፣ ሸራ ጫማዬን አጥልቄ ሄድኩ። እማዬ ሌሊቱን ስትጸልይ አድራ ዓይኗ ቀልቷል።

የመፈተኛው ደረጃ ክፍሉ መሃል ተቀምጧል። በአንድ በኩል ሁለት እርከን ወጥተው በሌላው በኩል ሁለት የሚወርዱበት የእንጨት ሥራ ነው። ዶክተሩ ደሴ አሠርቶ መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ነበር ያመጣው፤ የላሊበላ ሰው ሲያየው ካድሬ ቆሞ የሚናገርበት መስሎት ተሳልቆ ነበር። ከደረጃው አጠገብ አልጋ ተነጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ መርፌና መድኃኒት ተደርድሯል። መድኃኒቱን ሳይ በሩ ላይ ቆምኩ። ዶክተሩ አይቶኝ ኖሮ «ይህ ዝናብ ሳይመጣ የሚያዝ ጃንጥላ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ ጋደም እንዳልኩ የልቤ አመታት ወረቀት ላይ ተሳለ። ቀዳሚዋ ምት እንደ ወትሮዋ እዚህም እዚያም አለች። የደም ግፊቴ ተለካ። ከዚያ ደንቡን ነገረኝ። ደረቴን ከጨነቀኝ፣ ራሴን ካዞረኝ፣ ዓይኔን ካጨለመብኝ፣ ቃል እስኪያቅተኝ ትንፋሽ ካጠረኝ ወዲያው መናገር አለብኝ፤ ሳላፍር፣ ሳልደብቅ። አቶ ደምሴ በጭብጨባ ምት ይሰጠኛል፤ እኔ በጭብጨባው ልክ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ዞሬ እደግማለሁ። አቶ ደምሴ በወጣትነቱ ዲያቆን ነበርና በጭብጨባው የሚታማ አይደለም።

እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ።

አቶ ደምሴ ማጨብጨብ ጀመረ። እግሬን አነሳሁ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ለመሞት ስጠብቅ ነው የጨረስኳቸው። ዶክተሩ ክንዴን እንደያዘ ከጎኔ ከጎኔ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ እንድናገር አዘዘኝ። «ምን ልናገር?» አልኩት። አስተማሪ አይደለሽም ወይ፣ ፊደል ቁጠሪ አለኝ፤ ሰው መናገር እስከቻለ ድረስ ትንፋሹ አብሮት ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብዬ ጀመርኩ። በረንዳው ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሰምተው መሠረተ ትምህርት የተጀመረ መስሏቸው ነበር አሉ።

ጭብጨባው ፈጠነ። ሐ ላይ ስደርስ ላብ ጀርባዬን አረሰረሰው። ልቤ መጮህ ጀመረ። ይህን ድምፅ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ልጅ ሳለሁ ስሮጥ ነበር የማውቀው፤ ረስቼው ነበር። ድም ድም ድም ይላል፤ ጆሮዬ ውስጥ፣ አንገቴ ላይ። አሁን ትዘላለች፣ አሁን ጫጩቷ ትነሳለች ብዬ እጠብቃለሁ። ዶክተሩ አስቆሞ ግፊቴን ለካና ቀጥይ አለኝ። ጭብጨባው ደግሞ ፈጠነ። ሰ፣ ሱ፣ ሲ… ፊደሉ በትንፋሼ መካከል እየተቆራረጠ ይወጣል። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሬ እንጨቱን ስቶ ልወድቅ ስል ዶክተሩ ያዘኝ።

እማዬ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ይብቃት» አለች።

ዶክተሩ ዓይኔን እያየ «ምንሽ ነው የደከመው? ደረትሽ ነው እግርሽ?» አለኝ።

ማንም እንደዚያ ለይቶ ጠይቆኝ ስለማያውቅ ራሴን አዳመጥኩ። ደረቴ አልጨነቀኝም። አላዞረኝም። ዓይኔ ያያል።

«እግሬ ነው» አልኩ።

«እግር ከሆነ ቀጥይ።»

ያን ጊዜ እናቴን አየኋት። በአንድ ዓይኗ ተዪው የምትለኝ፣ በሌላው ሂጂ የምትለኝ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ አውጥታ ከአቶ ደምሴ እኩል ማጨብጨብ ጀመረች። እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ያጨበጭባል። እኔም ቀጠልኩ። ፊደሉ ጠፍቶብኝ ሀ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ዶክተሩ «በቃ» እስኪለኝ ድረስ ወጣሁ፣ ወረድኩ።

ፈጥነው አስተኙኝ፤ ብረቶቹ ታሰሩ፤ ወረቀቱ እየተንጫጫ ወጣ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ያነባል እንጂ አይናገርም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ወረቀቱ ይረዝማል፤ እሱ በእጁ ይስበዋል፣ ያያል፣ ደግሞ ይስባል። ፊቱን እየሰረቅኩ ባይ ምንም አላገኝበትም።

በመጨረሻ ቀና አለ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እማዬ። «እናቴ፣ ይምጡና ይዩ» አላት። የጠዋቱንና የአሁኑን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋላት። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ እርሻ ግን ታውቃለች። ሁለቱንም ቀስ ብላ አየቻቸው።

«ይኸኛው በሬው እየደነበረ የታረሰ ነው» አለች የጠዋቱን እያሳየች። ጣቷን ወደ ሁለተኛው አዞረች። «ይኸኛው ትልሙ ቀጥ ብሏል።»

«ጨርሰውታል» አላት ዶክተሩ። «እኔ የምጨምረው የለም።»

ልቤ ሲፈጥን ቀዳሚዋ ምት አንዴም አልመጣችም ነበር። የደም ግፊቴ እንደሚገባው ወጥቶ እንደሚገባው ወረደ። ሐኪም የሚፈራው ለውጥ ወረቀቱ ላይ አልታየም። ይህን እየነገረን ሳለ ትንፋሼ ረጋ፣ ልቤም ዝግ አለ፤ ድንገትም ያቺ ጫጩት ተንፈራገጠች። ክው ብዬ የአልጋውን ጫፍ ያዝኩ። እማዬም ፊቴን አይታ ደነገጠች። ዶክተሩ ግን ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ። ትመለሳለች ብሎ ሲጠብቃት ነበር።

«ሥራ የፈታ ሰው ነገር ያበዛል አይደል የሚባለው?» አለኝ። «ይህቺም እንደዚያ ናት። ልብሽ ሥራ ሲያገኝ ለወሬዋ ጊዜ የለውም። ሲያርፍ ትመጣለች። ተያት፤ ታውራ።»

ከዚያ እማዬ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው። ለእኔ እንዳይሰማ የፈለገች ትመስል ነበር፤ ሰማሁት እንጂ። «ለትዳርስ ዶክተር? ለመውለድስ?»

«በልቧ በኩል ከልካይ የለባትም» አላት።

እማዬ ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ስትል እሱ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት። ደግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ወደፊት አቀበት ስወጣ ደረቴን የሚጨንቀኝ፣ ስሮጥ የምወድቅ ከሆነ፣ አንዴ ተፈትኛለሁ ብዬ ችላ እንዳልል። ማስረጃውን ግን እንደማይጽፍልኝ ነገረኝ። «የታመመ ልብ የለሽም። የሰነፈ እግር ነው ያለሽ፤ ለሱ ደግሞ ሙጃ ይሻለዋል።»

ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከኔ በኋላ የገባው የፍላቂት እህል ነጋዴ ነበር፤ ጎልማሳ፣ ደንዳና፣ ሲያዩት ከኔ አሥር እጥፍ ጤነኛ። ከአህዮቹ ኋላ አቀበት ሲወጣ ደረቱን ይጨብጠዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል፤ ሰው ሁሉ ቃር ነው ብሎት ተልባ ሲጠጣ ኖሯል። ወጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና ራሱ ነገረን። ተኝቶ ሳለ የተሳለው ወረቀት ምንም አላሳየም ነበር። ደረጃውን ጥቂት ዙር እንደሄደ ግን ያው ጭንቀት መጣ፤ ዶክተሩ ወዲያው አስቆመው፤ ወረቀቱ ተለውጦ ተገኘ፤ ከምላሱ ሥር ኪኒን አደረጉለት። የልቡ የደም ሥር ጠቧል ተባለ። ቡድኑ ሲመለስ በመኪናቸው ደሴ ወሰዱት። ከዓመታት በኋላ ፍላቂት ገበያ ውስጥ ልጆቹ ሲሸጡ እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲቆጣቸው አይቼዋለሁ። ያው ደረጃ ለእኔ ሂጂ አለኝ፤ ለእሱ ቁም አለው። ሁለታችንንም አተረፈን።

ዝናቡ ሲያቆም ተነሳን። ከጤና ጣቢያው ወደ ቤታችን ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ዙሪያው፣ አንዱ ቀጥ ያለው ዳገት። እማዬ መንታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ምንም ሳትለኝ ዳገቱን ያዘች። ተከተልኳት። ድንጋዩ ከዝናቡ የተነሳ ያዳልጣል፤ እግሬ አሁንም ይንቀጠቀጣል። መሃል ስንደርስ የቆመችው እሷ ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አንቺ ሂጂ፤ እኔ ትንሽ ልረፍ» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት «አንቺ ሂጂ» ብላኝ አታውቅም ነበር። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ኋላ ለቅሶዬ መጣ። እሷም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አብራኝ አለቀሰች፤ ለአዛለች ነው ለእኔ ነው አልጠየቅኳትም።

ሙጃ ዘመትኩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጡንቻዬ ተቆራርጦ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከመንደር መንደር ስሄድ ገበሬዎቹ አልፈውኝ ይሄዳሉ፤ ኋላ ኋላ ግን እኩል መሄድ ጀመርኩ። ቆሜ አስተማርኩ። ጫጩቷ ማታ ማታ ጋደም ስል ትመጣለች፤ «አውሪ» እላታለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ጋሻውን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። እንደ ወትሮው ባርኔጣውን አነሳ። አላለፍኩትም። እናቴ ለምን ሽማግሌዎቹን እንደመለሰች፣ ዶክተሩ ምን እንዳለኝ፣ ቆሜ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰማኝ፣ ሰማኝና፣ «እንግዲህ ሽማግሌዎቹን እንደገና ላስቸግራቸው ነዋ» አለ። ጥር ላይ ተጋባን። ሦስት ልጆች ወለድን። በእያንዳንዱ ምጥ ጊዜ እማዬ ደጅ ሆና ስትጸልይ ነበር፤ ፍርሃት በአንድ ጠዋት ሙልጭ ብሎ አይወጣም። ሦስቱንም ግን እንደተወለዱ ገብታ በእጇ ታቀፈቻቸው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ሐኪም አይደለሁምና የሐኪም ምክር አልሰጣችሁም። ከራሴ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። አሁን ባለ ሞተር መሮጫ መጥቷል፤ ስትራመዱበት ከሥራችሁ ይሸሻል፣ ልባችሁ በቴሌቪዥን ይታያል። ባለፈው ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ወስዳኝ በዚያ ላይ ወጥቼ ነበር። መሣሪያው ተለውጧል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ልብ ሲሠራ ምን ያደርጋል? ከመካከላችሁ አቀበት ሲወጣ ደረቱን የሚይዘው፣ ሲቆም የሚለቀው ካለ ቃር ነው ብሎ አይቀመጥ። እንደ እኔ ደግሞ አንድ ቃል ሰምቶ በዚያ ቃል ታስሮ የተቀመጠ ካለ፣ ሄዶ ያስመርምር። መታመሙን ማወቅም መዳን ነው፤ አለመታመሙን ማወቅም መዳን ነው። ሳያውቁ መኖር ግን ከሁለቱም ይከፋል።

ዶክተር ኅሩይን አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቼዋለሁ፤ ደሴ፣ መንገድ ላይ፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ። ሮጬ ደረስኩበትና ስሜን ነገርኩት። አላስታወሰኝም። ላሊበላን፣ ሐምሌን፣ ፊደል መቁጠሬን ብነግረውም ብዙ ሰው በዚያ ደረጃ ወጥቷልና አልመጣለትም። አልከፋኝም። ልጁን ከጀርባዬ አውርጄ አሳየሁት። ጉንጩን ነካ አድርጎ ስሙን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ መረቀው፤ ሄደ።

ያን ዕለት በሩ ላይ ግቢ ሙሉ ሕዝብ እየጠበቀው ነበር። እናቴም እኔም የለመንነው ማስረጃ ብቻ ነው። ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ቢሸኘን ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ እኛም አመስግነነው ወደ ምድር ቤታችን እንመለስ ነበር። እሱ ግን ብዕሩን አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። እነሆ እሱ በረሳው በአንድ ጠዋት እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖርኩበት። በሕይወት ካለ ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ካለፈም አፈሩን ያቅልልለት።